«ዓይነት» ወይስ «ደረጃ»? የአልኮል ጥገኝነትን ስለ መከፋፈል

ጥያቄ፦ ለጤና ባለሙያዎች የሚሆን ጽሑፍ በአማርኛ እያዘጋጀሁ ሳለ «የአልኮል ጥገኝነት ዓይነቶች ቀላል፣ መካከለኛና ከባድ ናቸው» ብዬ ብጽፍ፣ አራሚው «ዓይነቶች» የሚለውን ሰርዘው «ደረጃዎች» አደረጉት። በእርግጥ ልዩነት አላቸው?

መልስ፦ አላቸው፤ እርማቱም ተገቢ ነው። «ደረጃ» የአንድን ነገር ማነስና መብዛት ሲያመለክት፣ «ዓይነት» በጠባዩ ከሌላው የሚለየውን ወገን ይጠራል። እርስዎ የጠቀሱት ክፍፍል የተወሰደው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ካወጣው አምስተኛ የምርመራ መመሪያ ነው፤ በዚያም በአሥራ ሁለት ወራት ውስጥ ከ11 መለኪያዎች 2 ወይም 3 የታዩበት ሰው ቀላል፣ 4 ወይም 5 የታዩበት መካከለኛ፣ 6ና ከዚያ በላይ የታዩበት ከባድ ይባላል። ምልክት በበዛ ቁጥር ሰውየው ከአንዱ ወደ ሌላው ያልፋልና ይህ ደረጃ ነው። አራሚው ያለፉት ሌላ ነጥብም አለ፦ ይኸው መመሪያ «ጥገኝነት» የሚለውን ስያሜ ትቶ «የአልኮል አጠቃቀም እክል» ማለትን መርጧል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን «ጥገኝነት»ን አልተወም።

«ዓይነት» የሚስማማው ለተመራማሪዎቹ ክፍፍል ነው። ጄሊኔክ እ.ኤ.አ. በ1960 አልፋ፣ ቤታ፣ ጋማ፣ ዴልታና ኤፕሲሎን የሚሉ አምስት ዓይነቶችን ለይቷል። ጋማ የተባለው ጠጪ አንዴ ከጀመረ ማቆም ያቅተዋል፤ ዴልታ ግን መጠኑን ሊቆጣጠር ቢችልም አንድ ቀን እንኳ ሳይጠጣ መዋል አይሆንለትም። ቀኑን ሙሉ ጥቂት ጥቂት እየተጎነጨ ሳይንገዳገድ የሚያመሸውን ይህን ሰው «ሰካራም» ብንለው አንባቢ ሌላ ሰው ያስባል። ቤታ ደግሞ መጠጡ ጉበቱን ወይም ጨጓራውን ቢጎዳውም ጥገኛ ያልሆነ ሰው ስለሆነ፣ አምስቱን በአንድነት «የጥገኝነት ዓይነቶች» ማለት ያሳስታል፤ «የአልኮል ችግር ዓይነቶች» ቢባል ይሻላል።

ተራ ቁጥር ሲገባ ጥንቃቄው ይጨምራል። ክሎኒንገርና ባልደረቦቹ በስዊድን በጉዲፈቻ ያደጉ ሰዎችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1981 ሁለት ዓይነቶችን አቅርበዋል። «አንደኛ» እና «ሁለተኛ» ሲባል፣ በስኳር ሕመም ላይም እንደሚያጋጥመው፣ ብዙ ሰው ሁለተኛው የመጀመሪያው ተባብሶ የሚመጣ ይመስለዋል። እዚህ ግን በዕድሜ ቀድሞ፣ ብዙውን ጊዜ ከ25 ዓመት በፊት፣ የሚጀምረው ሁለተኛው ነው። ስለዚህ «ዓይነት አንድ»፣ «ዓይነት ሁለት» ብሎ ቁጥሩን እንደ መጠሪያ መጻፍ እመርጣለሁ።

ባቦርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1992 ያቀረቡት የኤና የቢ ክፍፍል ጉዳዩን በመጠኑ ያወሳስበዋል፤ ቢ ቀድሞ ከመጀመሩም በላይ ጥገኝነቱ የሚከብድበት ነውና። ያም ሆኖ ክብደቱ ከዓይነቱ መታወቂያዎች አንዱ እንጂ ዓይነቱ ራሱ ስላልሆነ፣ «ዓይነት ቢ፣ በከባድ ደረጃ ላይ ያለ» ብሎ ሁለቱን ቃላት በአንድ ዓረፍተ ነገር መጠቀም ድግግሞሽ አይሆንም።