ባልቦላው ዝም ሲል ጠርጥሩ

አንድ ወጣት የአያቱን ቮልስ ከአዳማ ሐረር ድረስ ሊነዳት አስቦ ኖሮ፣ «ጋሼ፣ ሞተሯ ድሮ ይንጫጫ ነበር፤ አሁን ግን በራሷ ለስልሳለች። መንገድ ትችላለች አይደል?» ብሎ ጠየቀኝ። እንደማትችል በአጭሩ ነገርኩት። ለሌሎቻችሁም ስለሚያገለግል ምክንያቱን እዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። የቮልስ ሞተር በራሱ አይለሰልስም። ባልቦላዎቹ (አየርና ቤንዚን የሚያስገቡት፣ ጭስ የሚያስወጡት ከፋችና ዘጊ ብረቶች) በግንዳቸው ጫፍና በሚገፋቸው ብረት መካከል ትክክለኛው ክፍተት ሲኖራቸው እንደ ልብስ ስፌት መኪና ትክ ትክ ይላሉ፤ ይህ ጤና ነው። ማንም ሳይነካቸው ድምፃቸው ከጠፋ፣ የጠፋው ክፍተቱ ነው።

ጥያቄው ያስታወሰኝ አንዲት ሰማያዊ 1300 ቮልስ ነው። ባለቤቷ መምህር ነበሩ። መኪናዋ ዕድሜዋን አዲስ አበባ ኖራ ከእሳቸው ዝውውር ጋር ወደ እኛ ከተማ ወረደች፤ ያኔ ናዝሬት ነበር የምንለው። ሰውየው መኪናቸውን ይወዱ ነበር። ዘይት በ5,000 ኪሎ ሜትር ሳያሳልፉ ይለውጣሉ፣ ቆሻሻ ካንዴላ አይወዱም። በአንዱ የዘይት ለውጥ ላይ የ3ኛው ሲሊንደር የጭስ ባልቦላ ክፍተት 0.15 ሚሊ ሜትር መሆን ሲገባው 0.05 ሆኖ ተገኘ። መካኒኩ ፈታ አድርጎ 0.15 ላይ አሰረውና ክዳኑን መለሰ። ለምን ጠበበ ብሎ የጠየቀ የለም፤ ወረቀት ላይ የሰፈረም ነገር የለም። በሚቀጥለው ለውጥ ደግሞ ያችው ባልቦላ የ0.05ን መለኪያ ቅጠል ብረት እንኳ አላስገባ አለች። በዚያ ቀን የሠራው ሌላ መካኒክ ነው፤ የፊተኛውን ስለማያውቅ እሱም አላልቶ አሰረና «ሰላም ነች» አለ።

ከዚያ በኋላ ድሬዳዋ ሰርግ መጣ። አራት ሰው ተሳፈረ፣ ፖርቶመጋላው ላይ ሻንጣ ተጫነ፣ የተነሱት ረፋድ ላይ ነው። ወለንጪቲን፣ በሰቃ ሐይቅን፣ መተሐራን በሰላም አለፉ። ወደ አዋሽ በሚወስደው ሜዳ ላይ፣ በቀትር፣ ነፋስ ከፊት እየገፋ፣ የቤንዚን ፔዳሉ ወለል ተደግፎ ሳለ የ3ኛው የጭስ ባልቦላ ራስ ከግንዱ ተቆርጦ ወደቀ። የወደቀው ብረት መሄጃ የለውም። ፒስተኑ በሙሉ ፍጥነት ወደ ላይ ሲመጣ ከቴስታታው (ከሲሊንደሩ ክዳን) ጋር ያጋጨዋል። ፒስተኑ ተበሳ፣ ቴስታታው ተፈረካከሰ፣ ስብርባሪው ወደ ዘይቱ ወረደ። ቮልስ እውነተኛ የዘይት ፊልትሮ የላትም፣ ያላት የሽቦ ወንፊት ብቻ ነው። ስለዚህ ደቃቁ ብረት ወንፊቱን አልፎ ዘንጉ የሚዞርባቸውን ኩሽኔታዎች በላ። መኪናዋ በጭነት ተመለሰች፤ ሌላ ሞተር ተገዝቶ ገባላት። ከፋብሪካ አብሯት የመጣው ሞተር ገላው በኪሎ ተሸጠ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይኸው ነው። አንድ የጭስ ባልቦላ በጊዜው ቢለወጥ ኖሮ ያ ሞተር ዛሬም ይሠራ ነበር።

ባልቦላዋ ለምን እንደጠበበች ልንገራችሁ። የጭስ ባልቦላ የሚቀዘቅዘው በተዘጋበት ቅጽበት ከመቀመጫው ጋር ሲነካካ ነው፤ ሙቀቱን ለቴስታታው የሚያስረክበው ያን ጊዜ ነው። እጅግ ከሞቀ ግንዱ እንደ ጋለ ሽቦ ይለጠጣል። ሲለጠጥ ይረዝማል፣ ሲረዝም ክፍተቱን ይበላል። ክፍተቱ ሲያልቅ ባልቦላው ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ ካልተዘጋ ደግሞ ማቀዝቀዣ የለውም። ስለዚህ የጠበበን ክፍተት አላልቶ ማሰር በሽታውን አያድነውም፤ የተለጠጠው ግንድ ቀጥኖ እዚያው አለ። 3ኛው ሲሊንደር የሚብሰው ደግሞ በድሮዎቹ ሞተሮች ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው በአየር መንገዱ ላይ፣ ልክ ከእሱ በላይ ስለቆመ ነው፤ ለእሱ የሚደርሰው አየር ያነሰና አስቀድሞ የሞቀ ነው። ፋብሪካው ራሱ ይህን አይቶ ከ1971 ሞዴል (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ማቀዝቀዣውን ከዚያ ቦታ ፈቀቅ አድርጎ የራሱን አየር ሰጠው።

በዚህች መኪና ላይ የተጨመረ ሌላ ነገርም ነበር። የአዲስ አበባ አየር ከአዋሹ ከ10 በመቶ በላይ ይሳሳል፤ አንዱ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ሌላው 1,000 አካባቢ። ስለዚህ በላይ ሳለች ጥቁር ጭስ እንዳታወጣ ብለው የካርቡራተሯን ዋና ጄት (ቤንዚኑን የሚመጥነውን ባለ ቀዳዳ ብሎን) አነስተኛ ቀዳዳ ባለው ለውጠውላት ነበር። ወደ ቆላ ስትወርድ አየሩ ወፈረ፣ ቤንዚኑ ግን ያው ነው። ቤንዚን ያነሰው ድብልቅ ሞተሩን ያግላል። ጄቱ ላይ የተቀረጸው ቁጥር የቀዳዳውን ስፋት በመቶኛ ሚሊ ሜትር ይነግራችኋል፤ 125 ማለት 1.25 ነው። የእናንተ መኪና ላይ ያለው ስንት እንደሆነ፣ ለሞተራችሁ ፋብሪካው ያዘዘውም ስንት እንደሆነ ሳታውቁ ወደ መተሐራ አትውረዱ። ካንዴላም ይናገራል፦ ጫፉ ቡናማ ከሆነ ደህና፣ ጥላሸት ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፣ ነጭ ከሆነ ግን ቤንዚን አንሷልና ቁሙ።

አለካኩን አንዴ በደንብ ከያዛችሁት ቀላል ነው። ማለዳ፣ መኪናው ቆሞ ካደረ በኋላ ይሠራል፤ ሞተሩ ለእጅ ለብ ካለ አትጀምሩ። የዲስትሪቡተሩን (የብልጭታ አከፋፋዩን) ክዳን አንሱ። በውስጡ የሚዞረው ሮተር በዲስትሪቡተሩ ከንፈር ላይ ካለችው ጭረት ጋር፣ የታችኛው ፑሊ (የቺንጋው መዘውር) ምልክትም ከሞተሩ ገላ መጋጠሚያ መስመር ጋር እስኪገጥም በእጅ አዙሩ፤ ያኔ የ1ኛው ባልቦላዎች ተዘግተዋል። ፊታችሁን ወደ መኪናው አፍንጫ አድርጋችሁ ስትቆሙ 1ኛው በቀኝ ከፊት፣ 2ኛው በቀኝ ከኋላ፣ 3ኛው በግራ ከፊት፣ 4ኛው በግራ ከኋላ ነው። በየቴስታታው ዳርና ዳር ያሉት የጭስ፣ መካከል ያሉት ሁለቱ የመሳቢያ ናቸው። 1ኛውን ስትጨርሱ ፑሊውን በሰዓት ቆጣሪ አዙሪት ተቃራኒ ግማሽ ዙር አዙሩና 2ኛውን፣ እንዲያው እያላችሁ እስከ 4ኛው።

ብዙ መካኒክ የሚዘለው እዚህ ላይ ያለውን ነው። ብሎን ከመንካታችሁ በፊት ያለውን ክፍተት ለኩ። 0.15 ቅጠሉ ትንሽ እየያዘ ካለፈ አትንኩት። ካልገባ 0.10ን፣ 0.05ን ሞክሩና የገባውን ቁጥር ከቀኑና ከኪሎ ሜትሩ ጋር ጻፉ። ከዚያ በኋላ ነው በ13 ቁልፍ አላልታችሁ፣ በካቻቢቴ አስተካክላችሁ፣ ካቻቢቴውን ሳትለቁ የምታጠብቁት። ሲጠብቅ ክፍተቱ ስለሚንሸራተት እንደገና ይለካል። አንድ ባልቦላ ብቻዋን በተከታታይ ሁለት ልኬት ከጠበበች ቴስታታው ይወርዳል፤ ያች መኪና ለጉዞ አትወጣም። ለዚህ ሞተሩ መውጣት አለበት፣ ግን አትፍሩ፤ የያዙት 4 ብሎኖች ናቸው። አዲስ የጭስ ባልቦላ ይገባል፤ አሮጌውን አስሞርዶ መመለስ የለም። ጥርጣሬ ከገባችሁ ደግሞ ከጠባብ ሰፊ ይሻላል፤ ሰፊው ይጮሃል እንጂ አይቃጠልም።

የዛሬ ልጆች ሲሠሩ ሳይ የሚያናድደኝ፣ መጀመሪያ ቀለም፣ ቀጥሎ ቸርኬ፣ ቀጥሎ ስፒከር፣ ባልቦላ መጨረሻ ላይ መሆኑ ነው። ሁሉን ስልክ ላይ አይታችሁ ትመጣላችሁ፣ እጃችሁ ግን ቅጠል ብረቱ «ያዝ» ሲያደርግ አያውቀውም። (ልኬቱን ግን በስልክ ፎቶ አንሱት፤ ደብተር ዘይት ይጠጣል፣ ይጠፋል።) ሌላው ሞተሩን የሸፈኑትን ቆርቆሮዎችና በዙሪያው ያለውን ጎማ አውልቃችሁ «አየር ይግባለት» የምትሉት ነው። እነዚያ ጌጥ አይደሉም። ከላይ ያለውን ቀዝቃዛ አየር ከታች ከሚወጣው ትኩስ አየር የሚለዩት እነሱ ናቸው፤ ሲነሱ ቬንትሌተሩ (ማራገቢያው) ያንኑ የሞቀ አየር መልሶ ይስባል። ፋብሪካው ያደረገውን አትንኩ። የቤንዚን ፊልትሮ ግን ፋብሪካው ባያደርገውም ጨምሩ፤ ሞተሩ ክፍል ውስጥ ሳይሆን ከታንኩ ሥር። ከዲስትሪቡተሩ በላይ የተንጠለጠለ ፊልትሮ አንድ ቀን ተላቆ ቤንዚን ብልጭታ ላይ ያፈሳል። የሞተሩ ገላ ማግኒዚየም ያለበት ብረት ነው፤ እሱ ከተያያዘ ውሃ ያብሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ኤታኖል የተቀላቀለ ቤንዚን የድሮ ጎማ ቱቦን ስለሚሰነጥቅ ቱቦዎቹን በሙሉ በአዲስ ለውጡ፣ የዱቄት እሳት ማጥፊያ ከሾፌሩ እጅ አይራቅ።

ዳገት ላይ «ሞተሩ ይረፍ» ብሎ በ4ኛ ማርሽ እየጎተቱ መውጣት የተለመደ ስህተት ነው። ቬንትሌተሩ የሚዞረው በሞተሩ ዙር ነው፤ ዙሩ ሲወርድ አየሩም ይወርዳል፣ ጭነቱ ግን ያው። ወደ አሰላ ስትወጡም ሆነ ቁልቢን ስትጠጉ ፍጥነቱ ወደ 50 ሲወርድ በጊዜ 3ኛ አስገቡና ይጩህ። ፈጣን መንገዱ ላይ ደግሞ ሌላው 120 ሲነዳ እናንተ ከ80 እስከ 90 ይበቃችኋል። ቁልቁለት በማርሽ ነው የሚወረደው፤ የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚጠጣ በየ2 ዓመቱ ይለወጥ።

የዲናሞው ቀይ መብራት ከበራ «ባትሪው አዳማ ያደርሰኛል» አይባልም። ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ (ቀበቶ) ቬንትሌተሩንም ያዞራል፤ ከተበጠሰ ማቀዝቀዣ የለም፣ እዚያው ይቆማል። ለመለወጥ 21 ቁልፍና ጠንካራ ካቻቢቴ ይበቃል፦ ካቻቢቴውን በዲናሞው ፑሊ ጠርዝ ላይ ባለው ክፍተት ደግፋችሁ ብሎኑን ፍቱ። በሁለቱ የፑሊ ግማሾች መካከል ቀጫጭን ቀለበቶች አሉ፤ ከመካከል አውጥታችሁ ከውጭ ስታስቀምጡ ቺንጋው ይጠብቃል፣ ወደ መካከል ስትመልሱ ይላላል። በአውራ ጣት ሲጫን 15 ሚሊ ሜትር ያህል መግባት አለበት። ትርፍ ቺንጋውን ቤት ሳላችሁ አንዴ ግጠሙት፤ ልኩ ያልሆነ ቺንጋ መንገድ ላይ ማወቅ አያስፈልግም።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴን ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችው ቮልስ ነበረች። ሰው ስለዚያ ቀን ሲያወራ እኔ የማስበው የኋላ ወንበሩን ነው፤ የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው እዚያ ሥር ነውና። የወንበሩ ሱስታ ሲያረጅና ከባድ ሰው ሲቀመጥበት ሽቦው የባትሪውን ራስ ይነካል፣ የወንበሩ መሙያ ይያያዛል። ባትሪውን በወፍራም ጎማ ወይም በፕላስቲክ ክዳን ሸፍኑት። ስኮርታ ጎማውንም ለኩ፤ የመስታወት ውሃ መርጫው ነፋስ የሚወስደው ከእሱ ስለሆነ ሳታውቁት ይጎድላል። መንገድ የሚነኩት አራቱ ጎማዎች ራዲያል ከሆኑ ከፊት 18፣ ከኋላ 27 ፒ.ኤስ.አይ. ሙሏቸው፤ ክብደቱ ኋላ ስለሆነ እኩል መንፋት አያስፈልግም።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ መኪና የሚጠግን እጅ ይበልጥ ተፈላጊ ይሆናል ብዬ አምናለሁ፤ ሥራ የምትፈልጉ አስቡበት።

ለዚያ ለጠየቀኝ ልጅ፦ በመጀመሪያ ሁሉንም ባልቦላ ለካና ቁጥሮቹን ላክልኝ። የ3ኛው ደህና ከሆነና ሌሎቹም ካልጠበቡ፣ 500 ኪሎ ሜትር አዳማ ዙሪያ ነድተህ ደግመህ ለካ። ካልተንቀሳቀሰ ሂድ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስተህ ፀሐይ ሳትከር አዋሽን እለፍ፤ የጭሮን ዳገት በጠዋቱ ቀዝቃዛ አየር ብትጀምረው ለሞተሯም ለአንተም ይቀላል።