መንታ ካርብራተር የተገጠመለት ቮልስ፦ የጅማ አንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ1600 ሞተር ያለው ቮልስ አለኝ። ነባሩን አንድ ካርብራተር አንስቼ ሁለት ዌበር 34 አይሲቲ አስገጥሜለታለሁ። ሚኒሞ ላይ (ቤንዚን ሳይረገጥ ሲሠራ) ይንቀጠቀጣል፣ ከቆመበት ሲነሳ ይደናቀፋል። ወደ ጅሬን ዳገት ስወጣ ደግሞ በግራው ካርብራተር አፍ ቡፍ ቡፍ እያለ ይተፋል። ብሎኖቹ ስንት ጊዜ እንደተዞሩ ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። አሁን ጂግለሩን (ቤንዚኑ የሚመጠንበትን ባለ ቀዳዳ ናስ) በትልቅ ቁጥር ቀይር ተብያለሁ። ልቀይር? — ከፈረንጅ አራዳ

መልስ፦ አይቀይሩ። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ለዝቅተኛ ቦታ የተመጠነ ካርብራተር ቤንዚን ያበዛል እንጂ አያሳንስም። የእርስዎ ሞተር ቤንዚን ያነሰው ይመስላል፤ ያነሰውም በአንድ ወገን ብቻ ነው። በቮልስ የግራው ካርብራተር 3ኛና 4ኛ ሲሊንደርን፣ የቀኙ 1ኛና 2ኛን ይመግባል። ሁለቱም ላይ ያለው ጂግለር አንድ ዓይነት ከሆነና ቀኙ ደህና ከሠራ፣ ጥፋቱ የቁጥሩ አይደለም። ወይ የግራው የሚኒሞ ጂግለር ተደፍኗል፣ ወይ በዚያ ወገን አየር በስርቆሽ እየገባ ነው።

ከጂግለሩ ይጀምሩ። በዚህ ካርብራተር የሚኒሞው ጂግለር ቀዳዳ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ናት፤ ከነዳጅ ታንኩ የመጣች አንዲት የዝገት ቅንጣት ትዘጋታለች። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ሚኒሞ ላይ የድብልቅ ብሎኑን (የሚኒሞውን የቤንዚንና የአየር ድብልቅ የሚመጥነውን) ሲያዞሩት ሞተሩ ምንም አይሰማውም። ጂግለሩን ፈትተው ወደ ብርሃን አቅንተው ይዩት። ንጹሕ ከሆነ የመርፌ ጫፍ የምታህል ክብ ብርሃን ትታያለች። ካልታየች በኮምፕሬሰር አየር ይንፉት። በሽቦ መጎርጎር ግን ክልክል ነው፤ ናስ ለስላሳ ስለሆነ ቀዳዳው ይሰፋና ጂግለሩ ከጥቅም ውጭ ይሆናል።

ቀጥሎ የአየር ስርቆሹን ይፈልጉ። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ካርብራተሩ ከኮሌቶሩ (ድብልቁን ወደ ሲሊንደሮቹ ከሚያደርሰው ቱቦ)፣ ኮሌቶሩ ከቴስታታው (ከሲሊንደሮቹ ክዳን) የሚገናኙበት ቦታ ላይ ውሃ በጥቂቱ ይርጩ፤ ዲስትሪቢዩተሩን (እሳቱን ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍለውን) እንዳይነካው ይጠንቀቁ። ድምፁ ከተለወጠ ቀዳዳው እዚያ ነው። በቤንዚን የሚሞክሩ አሉ፤ በጋለ ሞተር ላይ እሳት መጥራት ነው። ጓርኒሲዮኑን (በመጋጠሚያው መካከል ያለውን ማሸጊያ) ሲቀይሩ ዳዶዎቹን እያፈራረቁ እስከ 20 ኒውተን ሜትር ብቻ ያጥብቁ። ከዚያ ያለፈ ማጥበቅ የመጋጠሚያውን ጆሮ ያጣምመዋል፣ ስርቆሹም ይብሳል። ካርብራተሮቹ አሮጌ ከሆኑ የፋርፋላውን (የአየሩን መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋውን ክዳን) ዘንግ በጣት ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ይነቅንቁት። ከተነቃነቀ አየር በዚያም ይገባል፤ እሱን በማስተካከል ማዳን አይቻልም፣ ዘንጉ አዲስ ቡሽ (የሚዞርበት ማቀፊያ ቀለበት) ይፈልጋል።

ካርብራተሩን ከመንካትዎ በፊት ሌላው ሁሉ ልክ ይሁን፦ የቫልቮላ ክፍተት ሞተሩ በርዶ 0.15 ሚሊሜትር፣ የፑንቲና (የዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ መገናኛ) 0.4፣ የካንዴላ (የእሳት መስጫው) ከ0.6 እስከ 0.7። ከዚያ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ነድተው ሞተሩን በደንብ ያሙቁት። የቮልስ ሞተር ሲሞቅ ወደ ጎን ይሰፋል፣ በሁለቱ ካርብራተሮች መካከል ያለው ርቀትም ይለወጣል። ሳይሞቅ የተስተካከለ መንታ ካርብራተር ከተማውን ዞሮ ሳይጨርስ የሚዛባው ለዚህ ነው።

አሁን ሁለቱን የሚያያይዘውን ዘንግ ከሁለቱም ያላቁት። የሚኒሞ ብሎኖቹን (ፋርፋላውን ገፍተው የሚከፍቱትን) እስኪለቁ ድረስ ይፍቱ፤ ከዚያ ገና ሲነኩ ጀምረው ግማሽ ዙር ያስገቡ። የድብልቅ ብሎኖቹን እስኪቀመጡ በቀስታ አጥብቀው ሁለት ሁለት ዙር ይፍቱ። አጥብቀው ቢያስጨንቁት ሾጣጣው ጫፍ ይበላሻል።

ሞተሩን ያስነሡ። የአየር መለኪያ ካለዎት ጥሩ፤ ከሌለዎት አንድ ሜትር ቀጭን ቱቦ ይበቃል። አንዱን ጫፍ ጆሮዎ ላይ፣ ሌላውን የካርብራተሩ አፍ ውስጥ ያድርጉ፤ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ቦታና ጥልቀት ይሁን። «እስስ» የሚለው ድምፅ በርትቶ የተሰማበትን የሚኒሞ ብሎን በጥቂቱ ይፍቱ፣ የደከመውን ያስገቡ፤ በደቂቃ ከ850 እስከ 900 ዙር ላይ ሁለቱ ድምፆች እኩል ይሁኑ። ሁለቱ እኩል አየር ሳይስቡ የድብልቅ ብሎን መንካት ከንቱ ድካም ነው። የእርስዎም ብሎኖች ያን ያህል የተዞሩት በዚህ ምክንያት ይመስለናል።

አየሩ እኩል ሲሆን የአንዱን ድብልቅ ሩብ ሩብ ዙር እያሉ ይዝጉ፤ በየመሃሉ አሥር ሰከንድ ይጠብቁ። ሞተሩ መደናቀፍ ሲጀምር መልሰው ይፍቱ፣ ፈጥኖና ለስልሶ የሚሠራበት ላይ ያቁሙ። ሌላውንም እንዲሁ። ከዚያ ወደ ቱቦው ይመለሱ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ መመላለስ ያለ ነው። ሞተሩ እንዳይጠፋ የሚኒሞውን ብሎን ከአንድ ዙር ተኩል በላይ ማስገባት ካስፈለገ ግን ያቁሙ። ፋርፋላው የመሸጋገሪያ ቀዳዳዎቹን (ከሚኒሞው ወደ ዋናው ጂግለር የሚያሸጋግሩትን) አልፎ ተከፍቷል፤ ሲነሱ የሚደናቀፍበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ጥፋቱ ሌላ ቦታ አለ።

ዘንጉ መጨረሻ ላይ ይገባል። ርዝመቱን ሲያስተካክሉ የትኛውንም ፋርፋላ ሳያንቀሳቅስ ቦታው ላይ መግባት አለበት። 2,000 ዙር ላይ ይዘው እንደገና በቱቦው ያዳምጡ። እዚህ የሚታየውን ልዩነት በዘንጉ እንጂ በሚኒሞ ብሎን በፍጹም አያርሙ። ሞተሩን አጥፍተው ሰው ቤንዚኑን እስከ ታች ይርገጥልዎ፤ ሁለቱም ፋርፋላዎች እስከ መጨረሻ ሊከፈቱ፣ በሁለቱም አፍ ውስጥ ቀጥ ያለ የቤንዚን ፍትለት ወዲያው ሊታይ ይገባል።

ጥያቄ፦ የእኔ መንታ ካርብራተር እኩል ነው፤ ግን ጥቁር ጭስ አለው፣ አዲስ አበባ ስሄድ ቤንዚን ይጨርሳል። ዋናው ጂግለር 130 ነው። — ከኮቺ

መልስ፦ 125 ያድርጉት። ቁጥሩ የቀዳዳው ስፋት በሚሊሜትር መቶኛ ነው። በጅማ ከፍታ ድብልቁ ከ8 እስከ 9 በመቶ ያህል ቤንዚን ይበዛበታል። የቀዳዳ ማሳለፍ በስፋቱ ካሬ ስለሚሄድ ስፋቱን 4 በመቶ መቀነስ ይበቃል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚያም ጥቂት ይበዛል፣ ግን አያስቸግርም። ጥንቃቄው ጊቤ በረሃ ላይ ነው፦ መንገዱ ወርዶ አየሩ ስለሚወፍር ድብልቁ ይሳሳል፣ ሙቀቱም አለ። ከወንዙ ሲወጡ በከፍተኛ ማርሽ አያስጨንቁት፣ ቀድመው ማርሽ ይቀንሱ።

ከመቀየርዎ በፊት ግን የተንሳፋፊውን መርፌ (ወደ ካርብራተሩ የሚገባውን ቤንዚን የሚዘጋውን) ይዩ፤ የማይዘጋ መርፌም ያው ጭስ ያመጣል። የቤንዚን ፖምፓው ግፊት ከ0.2 ባር ብዙ ከበለጠ መርፌውን ያሸንፋል፤ ከፖምፓው ሥር ተጨማሪ ጓርኒሲዮን ማስገባት ግፊቱን ይቀንሰዋል። ከቀየሩ በኋላ ከዳገት አፋፍ ላይ ሞተሩን አጥፍተው ካንዴላ ይፍቱ። ፈካ ብሎ የተቆላ ቡና መልክ ከያዘ ልክ ነው። ጥላሸት ከሆነ ገና ይበዛል፤ ከነጣ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ 130 ይመልሱት፣ ፒስቶን ይበሳል።

ጥያቄ፦ ጠዋት ጠዋት ከሞተሩ ክፍል ቤንዚን ይሸተኛል። — ከመንቲና

መልስ፦ ዛሬውኑ ያቁሙት። መንታ ካርብራተር ማለት ተጨማሪ ቱቦና ተጨማሪ መጋጠሚያ ማለት ነው፤ ብዙ ቮልስ በዚህ ተቃጥሏል። ጎማ ቱቦውን በጣት ያጥፉት፤ ከተሰነጣጠቀ ሁሉንም ይቀይሩ፣ በየጫፉ ፋሸታ (ማጥበቂያ ቀለበት) ያስገቡ። የናስ መግቢያዎቹን ይዘው ይሳቡ፤ የሚወጣ ካለ እስኪጠገን አይነዳም። የቤንዚን ማጣሪያውንም ከሞተሩ ክፍል አውጥተው ከመኪናው ሥር ያድርጉት።

ጥያቄ፦ የዲስትሪቢዩተሩ የቫኩም ቱቦ የሚገባበት ቦታ አጣሁ። — ከሕርማታ

መልስ፦ አሮጌው ዲስትሪቢዩተር የእሳቱን ጊዜ በቫኩም ብቻ የሚያስቀድም ከሆነ ቱቦው ሲነቀል ጨርሶ አያስቀድምም፤ በክብደት የሚሠራ፣ ለምሳሌ 009፣ ያስፈልጋል። የእሳቱ ማስቀደሚያ ከ3,000 ዙር በላይ 30 ዲግሪ ነው። ምልክት ከሌለው የፑሌጆውን (የሞተሩ ቺንጋ የሚዞርበትን ጎማ) ዙሪያ በክር ለክተው ለ12 ያካፍሉ፤ ከኋላ ቆመው ሲያዩ ከዜሮው ምልክት ወደ ቀኝ ያንን ያህል ለክተው በነጭ ቀለም ያስምሩ። ዳገት ላይ ኳ ኳ የሚል ድምፅ ከሰሙ ሁለት ዲግሪ ይቀንሱ።