ዶሮዎቹስ የእውነት ናቸው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። የአስራ ሁለት ዓመት ልጄ በስልኬ አንድ የባሌት ዳንስ አይታ ልቧ ጠፋ። እናትየዋን የሚጫወተው ወንድ ነው፤ ዶሮዎችም ይደንሳሉ። በሌላ ቀን በዚያው ስም ሌላ ከፈተች። ታሪኩ ያው ነው፤ ሙዚቃውም ዳንሱም ግን ሌላ። “እማ፣ ትክክለኛው የቱ ነው?” ብላ አፋጠጠችኝ። ስሙ “ላ ፊይ ማል ጋርዴ” ይላል። ምን ልበላት?
የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅሽ ቀላል ጥያቄ አልጠየቀችሽም። ትክክለኛው የሚባለው ጠፍቷል። የቀረው ታሪኩ ነው።

ስሙ “በቅጡ ያልተጠበቀችው ልጅ” እንደ ማለት ነው። ሊዝ የምትባል የገበሬ ልጅ ኮላስ የሚባል ጎረምሳ ትወዳለች። እናቷ ሲሞን ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ልጇን ለአንድ ሀብታም ልጅ ልትድር ቆርጣ ተነስታለች። ታሪኩ በቃ ይኸው ነው። የኛም ሰፈር ሽማግሌዎች ስንቱን እንዲህ ያለ ጣጣ ሸምግለዋል።

መጀመሪያ የታየው በ1789 ጁላይ 1፣ ፈረንሳይ አገር ቦርዶ ከተማ ነው። (ዓመቶቹን የምቆጥረው በፈረንጅ ነው።) የፓሪሱ ባስቲይ እስር ቤት የተሰበረው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነበር። ዳንሱን ያቀናበረው ዣን ዶበርቫል ሐሳቡን ያገኘው ከአንድ የታተመ ሥዕል ነው ይባላል። በሥዕሉ ላይ እናት ትቆጣለች፣ ልጅ ታለቅሳለች፣ ጎረምሳው በደረጃ ሽቅብ ይሸሻል። በዚያ ዘመን ባሌት ሲባል አማልክትና ጀግና ይበዛበት ነበር፤ እሱ ገለባ ይዞ መጣ። የመጀመሪያ ስሙም “የገለባው ባሌት” ነበር። ሙዚቃውም ሕዝቡ ከሚያውቃቸው 55 ዜማዎች የተገጣጠመ ነበር።

ከዚያ ወዲያ በአንድ አገር አልተቀመጠም። በ1791 ለንደን ገባ። ፓሪስ ላይ በ1828 ፈርዲናንድ ኤሮልድ አዲስ ሙዚቃ አዘጋጀለት። በርሊን ላይ ደግሞ በ1864 ሄርተል የሚባል ሌላ ሰው ሌላ ጻፈለት። ሩሲያኖቹ በ1885 ፒተርስበርግ ላይ ሲያሳዩት የሄርተልን ያዙ። የልጅሽ ዶሮዎች ያሉበት በ1960 ለንደን ላይ ፍሬድሪክ አሽተን ያቀናበረው ነው። የዚያ ሙዚቃ የኤሮልድ ይበዛዋል። ሲሞን የእንጨት ጫማ አጥልቃ ስትደንስ የሚሰማው ዜማ ግን ከሄርተል የተወሰደ ነው። ዶሮዎቹ ዳንሰኞች ናቸው፦ አንድ አውራና አራት እንስት። ጋሪ የምትጎትተው ትንሿ ፈረስ ግን የእውነት ናት።

ሩሲያ ውስጥ የእውነት ዶሮም መድረክ ላይ ይወጣ ነበር። አንዷ ኮከብ፣ ክሼሲንስካያ፣ ባላንጣዋ ፕሬኦብራዠንስካያ እየደነሰች ሳለ የዶሮዎቹን በር ከፈተችባት ተብሎ ይተረካል። ዶሮው መድረኩን ሞላው። ልጅቱ ግን ዳንሷን ጨርሳ ጭብጨባውን ወሰደች። ቅናት የትም ያው ነው።

የወንዱን ነገር እኔም መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር፤ እናትን የሚያላግጡ መስሎኝ። ዳሩ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወንድ ነው የተጫወተው። አሁን ሳየው ሲሞን ልጇን የምትወድ ግትር ሴት ናት፤ ስትናደድም ስትስቅም ከልቧ ነው።

እኔ ለብዙ ዓመት የመድረክ ልብስ ሰፍቻለሁ። አሁን ለገጣፎ ዳር ነው የምኖረው። ከአጥሬ ጀርባ በኅዳር ጤፍ ይታጨዳል። ስለዚህ ሊዝ ቅቤ ስትንጥ ዓይኔ እጇ ላይ ነበር። የእነሱ መናጫ ከላይ ወደ ታች የሚመታ እንጨት ነው፤ እናቴ ግን ቅሉን እያወዛወዘች ነበር የምትንጠው። የትከሻው ድካም ግን ቁርጥ የናቴ ነው።

አሁን ለልጅሽ የምትነግሪያት ዋናው ነገር ይኸውልሽ። አጫጆች ነዶ ተሸክመው ይገባሉ። እናት በሩን ቆልፋ ትወጣለች። ሊዝ ብቻዋን ስትቀር ሕልሟን በእጇ ታወራለች፦ ሙሽራ ትሆናለች፣ ትወልዳለች፣ አንዱን ልጅ ትቆጣለች፣ አንዱን ታባብላለች። ኮላስ ለካ ነዶው ውስጥ ተደብቆ ሁሉንም እያየ ነው! ስትደነግጥና ስታፍር ማየት ነው። ይህንን ክፍል አሽተን ከራሱ አላመጣውም። ታማራ ካርሳቪና የምትባል የድሮ የሩሲያ ባሌት ኮከብ፣ ፒተርስበርግ ውስጥ የተማረችውን በስተርጅናዋ ከትዝታዋ አውጥታ አሳየችው። እስክስታም ቢሆን ከሰው ወደ ሰው ነው የሚሄደው፤ ማን ከመጽሐፍ ተማረው? ልጅሽ ትክክለኛውን ካለች፣ ለእኔ ይኸኛው ይቀርበዋል።

እኔ በልጅ ልጄ ስልክ እያየሁ መጨረሻው ላይ ባትሪ አለቀብኝ። መብራትም አልነበረም። ቀሪውን ያየሁት በማግስቱ ነው። እናትየዋ ለሊዝ ያጨችላት የሀብታሙ ልጅ፣ አለን የሚባለው፣ ከጃንጥላው አይለይም። ሰርጉ ተጨፍሮ ቤቱ ጭር ሲል፣ ረስቶት የሄደውን ጃንጥላ ፍለጋ ቀስ ብሎ ይመለሳል። ልጅሽ እሱን ሳታይ እንዳትዘጋው።