«ከቤቴ ሬሳዬ ነው የሚወጣው» ላሉት እማማ

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች ሦስቱ ስለ አረጋውያን ናቸው፣ ሦስቱም የመጡት ከአዲስ አበባ ነው። የመጀመሪያውን ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ፤ እንዲህ ያለ ጭንቀት ያለበት ግቢ ብዙ እንደሆነ ስለማውቅ ነው።

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አራት ኪሎ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ስድስት አባወራ ሆነን ነው። ከእኛ ቀጥሎ ባለችው አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት እማማ የምንላቸው የ78 ዓመት እናት ብቻቸውን ይኖራሉ። ልጅ የላቸውም፣ ባላቸውም ከሞቱ ቆይተዋል። ድሮ ጠላ እየሸጡ ነበር የሚተዳደሩት። አሁን ዓይናቸው ደክሟል፣ ደም ግፊት አለባቸው፣ ባለፈው ወር ደግሞ ሌሊት ሽንት ቤት ሲሄዱ ወድቀው እጃቸው ተጎዳ። ጎረቤቶቹ በየተራ ምግብ እናቀብላቸዋለን፣ ግን ሁላችንም ሥራ የምንውል ነን። እኔ መቄዶንያ እንውሰዳቸው ብዬ ነበር። እሳቸው ግን «ከቤቴ ሬሳዬ ነው የሚወጣው» ብለው አለቀሱ። ምን ላድርግ? ሌላስ ምን አለ?
ስሜ ይቆይ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ

እህቴ፣ አስቀድሜ እግዜር ይስጥሽ ልበልሽ። ከሥራ ደክማ ገብታ የጎረቤት በር የምታንኳኳ ሰው ስላለች ነው እማማ እስከ ዛሬ የቆዩት።

ያሉትን ነገር ግን እንደ ግትርነት አትይው። የቀበሌ ቤት የመንግሥት ቤት ነው፣ ተከራዩ ለቆ ከወጣ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ሄደው ባይስማማቸው የሚመለሱበት የለም። ይህን እሳቸው ከእኔም ከአንቺም በላይ ያውቁታል። ደግሞ ዓይኑ የደከመ ሰው ቤቱን የሚያውቀው በእጁ ነው። ክብሪቱ የቱ ጋ እንዳለ፣ ደጃፉ ላይ ያለው ድንጋይ ስንት እርምጃ እንደሆነ፣ በር ላይ ያለፈው ማን እንደሆነ በኮቴው ይለያል። አዲስ ቦታ ስትወስጂው ያን ሁሉ በአንድ ቀን ያጣዋል።

መቄዶንያ ትልቅ ሥራ ይሠራል። ቢኒያም በለጠ የጀመረው ይህ ማዕከል ከጎዳና የሚነሱ፣ ጧሪ ቀባሪ የሌላቸው አረጋውያንና የአእምሮ ህሙማን የሚጠለሉበት ነው። ስድስት ኪሎ ያለው የማዘር ትሬዛ ቤትም መውደቂያ ያጡ ህመምተኞችን ይቀበላል። እማማ ግን ቤት አላቸው፣ ጎረቤት አላቸው፣ የሚፈልጉትንም ያውቃሉ። እኔ ባሉበት ሊያዙ ይችላሉ ብዬ አምናለሁ። አልጋው ምንም ለሌለው ሰው ይቆይ።

ችግሩ ድጋፉ አንድ ቦታ አለመሆኑ ነው። ትንሹ ወረዳ፣ ትንሹ ጤና ጣቢያ፣ ትንሹ እድር ጋ ነው፤ አንዱ ጋ ስትሄጂ ስለ ሌላው የሚነግርሽ የለም። ያልተመዘገበ ሰው ደግሞ እንደሌለ ነው የሚቆጠረው። የ78 ዓመት እናት ብቻቸውን ሄደው ይህን ሁሉ በር ያንኳኳሉ ብሎ ማሰብ አይቻልም። ስለዚህ ምግብ ከማቀበልም በላይ ልታደርጊላቸው የምትችይው ትልቁ ነገር አብረሻቸው መሄድ ነው።

ይህን የምልሽ በአክስቴ ስላየሁት ነው። ፒያሳ ነበር የሚኖሩት። ሦስት ጊዜ ብቻቸውን ወደ አንድ ወረዳ ሄደው «ነገ ይምጡ» ተብለው ተመለሱ። በአራተኛው አብሬያቸው ሄድኩ። ለካ ሦስቱንም ቀን ተሰልፈው የነበረው መታወቂያ በሚታደስበት መስኮት ነው፣ ማንም «እማማ ይሄ አይደለም» አላላቸውም። የሚፈልጉት ቢሮ ያለው ፎቅ ላይ ነበር፣ ጉልበታቸው ደግሞ ደረጃ አያስወጣም። ባለሙያዋን ወጥቼ ብለምናት ወርዳ እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ መዘገበቻቸው። ከግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ሦስት ቀን ሙሉ ቆመው መዋላቸውን ሳስብ ዛሬም ያመኛል።

ወረዳ ስትደርሱ ሴቶች፣ ህፃናትና ማህበራዊ ጉዳይ የቱ ነው ብለሽ ጠይቂ። እዚያ ስለ ከተማ ሴፍቲኔት ጠይቂያቸው። ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች ሲጀመር ሁለት ዓይነት ሰው ታስቦ ነው። መሥራት የሚችለው ሠርቶ ይከፈለዋል። መሥራት የማይችለው አረጋዊ፣ አካል ጉዳተኛ ወይም ጽኑ ህመምተኛ ደግሞ ሳይሠራ ገንዘብ ያገኛል፣ ይሄ ቀጥታ ድጋፍ ይባላል። እማማ የሚገቡት እዚህ ነው። ብዙ አረጋውያን ሴፍቲኔት ሲባል መንገድ መጥረግ ብቻ ስለሚመስላቸው «እኔ በምን ጉልበቴ» ብለው ሳይጠይቁ ይቀራሉ። ምዝገባው ግን ዓመቱን ሙሉ ክፍት አይደለም፣ በዙር ነው። ምርጫው ላይም የሰፈር ሰዎች ይቀመጣሉ። ከእናንተ ሰፈር ማን እንዳለበት አጣሪና ስለ እማማ አስቀድመሽ ንገሪው፣ ምክንያቱም በር ዘግቶ የሚውል ሰው በስብሰባ ላይ ለማንም ትዝ አይልም። ስማቸው ሳይወጣ ከቀረ ቅሬታ ማስገባት ይቻላል። አስገቢ።

እዚያው ወረዳ ሳትወጪ የጤና መድኑንም ጠይቂ። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በዓመት አንዴ በቤተሰብ የሚዋጣ ነው፣ መክፈል ለማይችል ሰው ግን መንግሥት ይከፍልለታል። ከፋይ ያልሆኑትን መርጦ የሚያስመዘግበው ወረዳው ነው። ካርዱ ሲወጣ ህክምናው የሚጀምረው ከጤና ጣቢያ ነው። ሪፈር ሳይዙ ቀጥታ ሆስፒታል መሄድ መጨረሻው ከኪስ መክፈል ነው፣ ስንቱን ሰው በዚህ ሲቸገር አይቻለሁ። መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስ መድኑ አይሸፍንም፣ ለእሱ ግቢው ያዋጣ።

ስለ ዓይናቸው ካነሳን፣ «እርጅና ነው» ብላችሁ እንዳትተዉት። ሞራ ሊሆን ይችላል። በአገራችን ከዓይነ ስውርነት መንስኤዎች ዋናው የዓይን ሞራ ግርዶሽ ነው፤ የሚያሳዝነው ደግሞ በአጭር ቀዶ ህክምና የሚስተካከል መሆኑ ነው። ጤና ጣቢያው አይቶ ሪፈር ይጻፍላቸው። ምኒልክ ሆስፒታል በዓይን ህክምና የቆየ ስም ያለው ነው፣ ከአራት ኪሎም ሩቅ አይደለም።

መውደቃቸውንም ለሐኪሙ በግልጽ ንገሩ። እሳቸው ላይነግሩት ይችላሉ፣ አረጋውያን መውደቅን ያፍሩበታል። የግፊት መድኃኒት አንዳንዴ ከተኙበት ድንገት ሲነሱ ያዞራል፣ ሐኪሙ ካወቀ መጠኑን ወይም ሰዓቱን ሊቀይርላቸው ይችላል። እስከዚያው ሌሊት እንዳይወጡ ፖፖ ግዙላቸው። ከአልጋ ሲነሱ መጀመሪያ ጫፉ ላይ ትንሽ ይቀመጡ። ደጃፉ ላይ አምፖል አብሩ፣ የሚያንሸራትት ነጠላ ጫማ ካላቸው ቀይሩላቸው። ጤና ጣቢያው ውስጥ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች አሉ፣ ቤት ለቤት የሚዞሩት ማለቴ ነው። የእናንተን ሰፈር የያዘችው የትኛዋ እንደሆነች ጠይቂና ስልኳን ያዢ። ግፊታቸውን ቤት መጥታ ብትለካላቸው ስንት መንገድ ይቀርላቸዋል።

አሁን ወደ እድሩ። እማማ እድር አላቸው? ቀስ ብለሽ ጠይቂያቸው። ብዙ አረጋውያን ወርሃዊው ሲያቅታቸው ለዳኛው መናገር ያፍራሉ፣ ዝም ብለው ይቀራሉ፣ ውዝፉ ይከመራል፣ በመጨረሻ ስማቸው ይሰረዛል። ልጅ ለሌላት ሴት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። «ማን ይቀብረኛል» እያሉ ሌሊቱን የሚያነጉ እናቶች አሉ። ከቤቴ ሬሳዬ ነው የሚወጣው ያሉትም ይህ ሐሳብ ሆዳቸው ውስጥ ስላለ ይመስለኛል። የእድሩን ዳኛ አነጋግሪ። ውዝፉን ግቢው ተካፍሎ ይክፈል ወይም እድሩ ይማርላቸው። እድሮች እንዲህ ያለውን ሲሰሙ ጨካኝ አይደሉም፣ አንዳንዶቹ አባል በህይወት እያለም የሚረዳ መተዳደሪያ ደንብ አላቸው።

ቤቱ የሚያፈስ ከሆነ ደግሞ ከክረምት በፊት ወረዳ አመልክቺ። በየክረምቱ በበጎ ፈቃድ የአቅመ ደካሞች ቤት ይታደሳል። ዝርዝሩ የሚያዘው ግን ዝናቡ ሳይጀምር ነው።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ፣ አንድ ቀን እማማ ከአልጋ መነሳት ቢያቅታቸው ያኔ ስለ ማዕከል እንደገና ተነጋገሩ። እሳቸው ባሉበት፣ እሳቸውን እያያችሁ።

ጥያቄ

አባቴ መምህር ነበር፣ ጡረታ ወጥቶ ከስድስት ወር በፊት አረፈ። እናቴ «ሰውየው ከሞተ ጡረታውም አብሮ ሞቷል» ብላ ቁጭ ብላለች። እውነት ነው? እኔ ብቻዬን ነኝ የምረዳት፣ ወንድሜና እህቴ ግድ የላቸውም።
ከልደታ

መልስ

ነፍስ ይማር ወንድሜ። አልሞተም! ለባለቤት የሚተላለፈው ጡረታ ሟቹ ያገኝ ከነበረው 50 በመቶ ነው። አባትህ በወር 4,000 ብር ይወስድ ከነበረ እናትህ 2,000 ብር ታገኛለች። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ካለ ለእሱም 20 በመቶ አለው። አባትህ የመንግሥት መምህር ከነበረ የምትሄዱት ወደ መንግሥት ሠራተኞች ማህበራዊ ዋስትና አስተዳደር ነው፣ በግል ትምህርት ቤት ከሆነ ግን የግል ድርጅቶች ሠራተኞች የራሳቸው መሥሪያ ቤት አላቸው። የአባትህን የጡረታ መታወቂያ፣ የሞት የምስክር ወረቀት፣ የእናትህን መታወቂያና የጋብቻ ማስረጃ ያዙ። በሽማግሌ የተጋቡና ወረቀት የሌላቸው ከሆኑ አትደንግጡ፣ ፍርድ ቤት በምስክር ጋብቻውን ያረጋግጣል። ብቻ አትቆዩ፣ ይርጋ የሚባል ነገር አለ፤ ጊዜው ካለፈ መብቱ ይቀራል።

ስለ ወንድምህና እህትህ፦ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ልጅ ለተቸገረ ወላጅ ቀለብ የመስጠት ግዴታ አለበት ይላል። ሁሉም ልጆች እንደ አቅማቸው ነው። እናት ልጇን ትከሳለች ማለቴ አይደለም፣ የትኛዋ እናት ታደርገዋለች? ግን ሽማግሌ ፊት ስትቀመጡ ይህን ተናገር። እርዳታው ውለታ ሳይሆን ግዴታ መሆኑን ሲሰሙ ንግግሩ ይለወጣል።

ጥያቄ

የ71 ዓመት ሰው ነኝ። ከካዛንቺስ በኮሪደር ልማቱ ተነስቼ ሌላ ክፍለ ከተማ ገብቻለሁ። የጤና መድኔም እድሬም እዚያው ቀርቷል። አዲሱ ሰፈር ማንንም አላውቅ።
ከቀድሞው የካዛንቺስ ነዋሪ

መልስ

ጋሼ፣ ስንት ዘመን የኖሩበትን ሰፈር በዚህ ዕድሜ መልቀቅ ከባድ ነው። የሚያጽናና ቃል ፈልጌ አጣሁ፣ ስለዚህ የሚሠራውን ልንገርዎ።

ከቀድሞው ወረዳ መሸኛ ይውሰዱ። ያለ መሸኛ አዲሱ ወረዳ መታወቂያም አይሰጥዎ፣ መድኑንም አያዛውርልዎ። ሁለቱን በአንድ ቀን ለመጨረስ አይሞክሩ፣ ይደክማሉ። የስኳር ወይም የግፊት ክትትል ካለዎት የድሮው ጤና ጣቢያ የክትትል ማጠቃለያ እንዲጽፍልዎ ይጠይቁ፣ አዲሱ ሐኪም ከዜሮ እንዳይጀምር። መድኃኒትዎን በመሃል አያቋርጡ።

እድሩን ግን አይልቀቁ። ከካዛንቺስ የተነሱት እርስዎ ብቻ አይደሉም፣ አባላቱ ሲበተኑ ወርሃዊውን በባንክ ወይም በቴሌብር እየሰበሰቡ የቀጠሉ እድሮች አሉ። ለጸሐፊው ይደውሉ። ስልኩ ከሌለዎት፣ ቀድሞ ለቅሶ ቤት አብረው ይቀመጡ ከነበሩት አንዱ አያጣውም። በአዲሱ ሰፈር ደግሞ የጎን ጎረቤትዎን ቡና ይጥሯቸው ወይም ሲጠሩዎ ይሂዱ፣ ባይመችዎትም። ሌሊት ቢያምዎ በር የሚያንኳኩበት ሰው ያስፈልግዎታል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው፣ በትልቁ ጽፈው ግድግዳው ላይ ይለጥፉት።