ፊልም ትምህርት ቤት ስትመርጡ ዓይናችሁን ጨፍኑ

ይድረስ ፊልም ለመማር ላሰባችሁ ልጆች፤

የፈተና ውጤት በወጣ ቁጥር ስልኬ ይጨናነቃል። የጎረቤት ልጅ፣ የዘመድ ልጅ፣ የማላውቀውም ልጅ ጥያቄው አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ ፊልም የት ልማር?» ዕድሜዬን የፈጀሁት የጆሮ ማዳመጫ አጥልቄ የሰው ንግግር ስቀዳ ነው። መልሴም የድምፅ ሰው መልስ ነው። የተመራቂዎቹን ፊልም አሳዩን በሏቸው። ከዚያ መጀመሪያ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስሙት።

ቀልዴን አይደለም። ምስል ዛሬ ማንንም አያሳፍርም። ደህና ስልክ የያዘ ልጅ ጠዋት በማለዳ እንጦጦ ቢወጣ ቆንጆ ነገር ይዞ ይወርዳል። ያ ልጅ ግን የትም አልተማረም። ስለዚህ ቆንጆ ምስል ስለ ትምህርት ቤቱ ብዙ አይነግራችሁም። ድምፅ ይነግራችኋል።

ሁለት ሰዎች ሳሎን ውስጥ የሚያወሩበትን ቦታ ፈልጉ። ንግግሩ ከባኞ ቤት የሚመጣ ይመስላል? አንዷ ስትናገር ከኋላ ፍሪጅ ያጉረመርማል፣ ሌላው ሲመልስ ደግሞ ፍሪጁ ድንገት ጸጥ ይላል? እንግዲያው ቤቱ ሲመረጥ ቆሞ ያዳመጠ ሰው አልነበረም። ፍሪጁን የሚነቅልም አልነበረም። (እግረ መንገዴን፦ ፍሪጅ ስትነቅሉ የመኪና ወይም የቤት ቁልፋችሁን ውስጡ አስቀምጡ። ወደ ቤት ልትሄዱ ቁልፍ ስትፈልጉ ፍሪጁን መልሳችሁ መሰካት ትዝ ይላችኋል። የባለቤቶቹን ሥጋ አበላሽቶ መሄድ ነውር ነው።)

ደህና የሠለጠነ ቡድን ትዕይንቱ ካለቀ በኋላ እዚያው ክፍል ውስጥ ሌላ ነገር ይቀዳል። ሁሉም ባለበት ይቆማል። የሚያስል ካለ ይወጣል። ለ30 ሰከንድ፣ አንዳንዴም ለ1 ደቂቃ፣ የባዶው ክፍል ድምፅ ይቀዳል። ኤዲተሩ ንግግር ሲቆርጥ የሚፈጠረውን ቀዳዳ የሚደፍነው በእሱ ነው። ሲወራ ቀላል ይመስላል። ምሳ ያልበላ፣ መብራት የተሸከመ፣ ታክሲ የሚያመልጠው ሃያ ሰው ዝም በል ብሎ ማቆም ግን ቀላል አይደለም። ይህን ያስለመደ መምህር ሌላውንም አስለምዷል። ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ቀረጻ ማቆምን፣ ጀነሬተሩን ከቤቱ ጀርባ ማራቅን፣ የተቀዳውን ፋይል ሁለት ሦስት ቦታ ገልብጦ ማስቀመጥን አስለምዷል። ለዚህ ነው በጆሮ መዝኑ የምለው።

ቀጥሎ ትምህርት ቤቱን በአካል ሂዳችሁ እዩት። ሬጅስትራር ቢሮ አትቆዩ፤ እዚያ የሚሰጣችሁ ብሮሸር ነው። ዕቃ ክፍሉን ፈልጉ። ካሜራና ማይክ የሚያስረክበውን ሰው ሰላም በሉትና ጠይቁት። ስንቱ ካሜራ ይሠራል? አንድ ካሜራ ለስንት ተማሪ ነው? ቅዳሜና እሁድ ይወጣል? ዕቃ የሚፈረምበት መዝገብ ቢያሳያችሁ ደግሞ ሁሉም ነገር እሱ ላይ አለ። ገጹ በፊርማ የተጨናነቀና ዳር ዳሩ የተበላሸ መዝገብ ከሆነ ደስ ይበላችሁ። ዕቃው ወጥቶ ይገባል ማለት ነው። መስታወት ውስጥ ተቆልፎ የሚጎበኝ ካሜራ ካያችሁ ግን አመስግናችሁ ውጡ።

ተማሪዎቹን ሻይ ጋብዙ። የምትጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ እዚህ ከገባችሁ ስንት ፊልም ሠራችሁ? «ቴዎሪውን ገና እየጨረስን ነው» የሚል የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ካጋጠማችሁ መልሱን አግኝታችኋል። በነገራችን ላይ እነዚያ ተማሪዎች ከመምህራኑ እኩል፣ እንዲያውም ይበልጥ፣ ሊጠቅሟችሁ ይችላሉ። ፊልም ብቻውን የሚሠራ ሰው የለም። ዳይሬክተሩን ኃይሌ ገሪማን ውሰዱ። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ሎስ አንጀለስ ዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ ሲማር «ቡሽ ማማ» የተባለውን ፊልሙን ሲሠራ፣ ካሜራ ከያዙለት አንዱ የትምህርት ቤት ባልደረባው ቻርልስ በርኔት ነበር። በርኔት ራሱ በዚያው ዘመን ለመመረቂያው «ኪለር ኦፍ ሺፕ»ን ሠራ። ቅዳሜና እሁድ እየቀረጸ፣ ከ10,000 ዶላር ባነሰ ወጪ። በ1990 እ.ኤ.አ. ያ የተማሪ ፊልም፣ ተጠብቀው እንዲቆዩ የተመረጡ ፊልሞች የሚሰፍሩበት የአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ውስጥ ገባ። ኃይሌም «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን አገር ቤት መጥቶ በጥቁርና ነጭ የቀረጸው ገና ተማሪ ሳለ ነው። ዩሲኤልኤ ስሙ ትልቅ ነው። እነዚህን ልጆች የጠቀማቸው ግን የአንዱን ፊልም ሌላው መሸከሙ ነው። እና ሻይ ስትጠጡ እርስ በርስ የሚተጋገዙ መሆናቸውን ተመልከቱ። ካሜራ ተደብቆ የሚያዝበት፣ ስክሪፕት የሚደበቅበት ግቢ ይሸታል፤ አያመልጣችሁም።

ዲግሪ ወይስ ሰርተፍኬት? የምትፈልጉት መንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም ማስተማር ከሆነ ዲግሪ ያስፈልጋችኋል፤ አትከራከሩ። የግል ፕሮዳክሽን ግን ወረቀት አይጠይቅም፤ «የሠራኸውን አሳየኝ» ነው የሚለው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፊልምን በማስተርስ ያስተምራል። ወደዚያ ለመድረስ ሌላ ነገር በመጀመሪያ ዲግሪ መማር ግድ ነው፤ ይህም ኪሳራ አይደለም። ዳይሬክተር መሆን የምትፈልጉ ትያትር ጥበባትን አትናቁ። ከተዋናይ ጋር መነጋገርን የምትማሩት እዚያ ነው፤ ካሜራ ላይ ያለውን ቁልፍ ሁሉ ኋላ ትደርሱበታላችሁ። ጥቂት ወራት የሚፈጁትን የግል ሥልጠናዎችም በጅምላ አልወቅስም። አብርሃም ኃይሌ ብሩ ውጭ አገር በሲኒማቶግራፊ፣ ማለትም በፊልም ቀረጻ ሙያ፣ ስም ካተረፈ በኋላ አዲስ አበባ ላይ ብሉ ናይል የፊልምና ቴሌቪዥን አካዳሚን አቋቁሟል። እንዲህ ሙያው ላይ የቆየ ሰው የሚያስተምርበት አጭር ሥልጠና፣ ካሜራ ነክቶ የማያውቅ መምህር ካለበት አራት ዓመት ይሻላል። የመምህራኑን ስም ጠይቁና ምን እንደሠሩ ፈልጉ።

ውጭ አገር ላላችሁ ደግሞ ነገሩ ገንዘብ ነው። ዳይሬክተሮቹ ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ከሎስ አንጀለሱ ዩኤስሲ ዩኒቨርሲቲ፣ ያሬድ ዘለቀ ከኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ወጥተዋል፤ ሁለቱም ያኮሩን ናቸው። ግን እነዚያ ትምህርት ቤቶች እጅግ ውድ ናቸው። የመጀመሪያ ፊልማችሁን መሥሪያ ጊዜ ብድር መክፈያ እንዳይሆንባችሁ። አሜሪካ ያላችሁ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅን አትፈሩ። ሎስ አንጀለስ ሲቲ ኮሌጅ ለምሳሌ የሲኒማ ትምህርት ክፍል አለው። ሁለት ዓመት እዚያ፣ ቀሪውን የምትኖሩበት ስቴት ዩኒቨርሲቲ ብትሉ ወጪው በብዙ ይቀንሳል። አውሮፓ ያላችሁ የፕራጉን ፋሙ አስቡት። ከ1946 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ የፊልም ትምህርት ቤት ነው። በቼክ ቋንቋ ለሚማር ክፍያ የለውም፤ በእንግሊዝኛ ከሆነ ግን ይከፈላል። ቼክ ቋንቋ ከባድ ነው አሉ። ከዕዳ ይከብዳል ወይ የሚለውን እናንተ አስሉት።

ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ወረቀት አንብቡ። ተማሪ ሳላችሁ የምትሠሩት ፊልም መብት የማን ነው? አንዳንድ ቦታ የትምህርት ቤቱ ነው። ፌስቲቫል ልትልኩ ስትሉ ፈቃድ ልትለምኑ ነው። ወጪውስ? የተዋናይ ምሳና የትራንስፖርት ከማን ኪስ ነው? ይህን በግልጽ የማይመልስ ቦታ ገና ሳትገቡ ነግሯችኋል።

ወላጆቻችሁ «ከዚያስ ምን ትበላለህ?» ካሉ አትቆጡ፤ ጥያቄው ትክክል ነው። ዳይሬክተር እሆናለሁ ብላችሁ አትመልሱ። ኤዲተርም፣ ድምፅ ቀጂም፣ ካሜራ ረዳትም ማስታወቂያና ዶክመንተሪ ላይ ሠርተው ደመወዝ እንደሚያገኙ ንገሯቸው። ከተቻለም የዓመት ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ቀረጻ ላይ ለሁለት ሳምንት ተጠግታችሁ ሥሩ። ኬብል የሚጠቀልል ሰው ሁልጊዜ ያስፈልጋል። ስትጠቀልሉ ግን ክርናችሁ ላይ አትጠምጥሙት፤ ውስጡ ይበጠሳል፣ ድምፁም ይንኮሻኮሻል። አንዱን ዙር ከላይ፣ ቀጣዩን ከሥር አድርጉት። ድምፅ ሰውየው ያያችኋል፤ በማግስቱም ቡሙን፣ ማይክ የሚሰካበትን ረጅም ዘንግ፣ ሊያስይዛችሁ ይችላል።