ጌሙ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሚንቀራፈፍብህ ከሆነ፣ ላፕቶፑን ከመሸጥህ በፊት ቻርጀሩን ገልብጠህ እየው

ወንድሜ ጥያቄህን አንብቤዋለሁ። አርቲኤክስ 4060 ግራፊክስ ካርድ ያለው ላፕቶፕህ ጌም ስትከፍት በሰከንድ ከ90 ፍሬም (ምስል) በላይ እየሰጠ አሪፍ ይሄድና ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲሆን በአንዴ ወደ 25 ይወርዳል፣ ሙቀት አስተላላፊውን ፔስት አስቀይረህም ለውጥ የለም፣ ስለዚህ ልሽጠውና ቀጭኑን ባለ 4070 ወይስ ወፍራሙን ባለ 4060 ልግዛ ነው ያልከኝ። እሺ እሱንም እመልስልሃለሁ። እኔን የያዘኝ ግን እንደዋዛ ጣል ያደረግካቸው ሁለት ነገሮች ናቸው፣ አንዱ «ቻርጀሩ ተቃጥሎ ሌላ ገዛሁ» ያልከው፣ ሌላው «ታችፓዱም ሰሞኑን አልጫን ብሏል» ያልከው።

ከሁለተኛው ልጀምር፣ አደጋው እሱ ጋ ነው። አብዛኛው ላፕቶፕ ላይ ከታችፓዱ ስር ያለው ባትሪው ነው። ባትሪ ሲያብጥ ታችፓዱን ከስር ይገፋዋል፣ መጀመሪያ አልጫን ይላል፣ ቀጥሎ ከፍ ከፍ ይላል፣ ከዚያ የስሩ ሽፋን መላቀቅ ይጀምራል። ላፕቶፑን ዝጋና ልሙጥ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ ድሮ ሳይወዛወዝ አሁን የሚወዛወዝ ከሆነ አብጧል፣ ቻርጅ ማድረጉንም ጌሙንም አቁም። ያበጠ ባትሪ አይጫኑትም፣ በካቻቢቴ አይፈለቅቁትም፣ አይበሱትም። አንዱ «ጋዙን ላስወጣለት» ብሎ በመርፌ ወግቶት ጭሱ ቤቱን ሞልቶት እየሮጠ የወጣ ሰው አውቃለሁ።

አሁን ወደ ግምቴ። ካርድህ ጤነኛ ነው፣ የራበው ፓወር ነው። ቻርጀሩን ገልብጥና «አውትፑት» የሚለውን አንብብ። 19.5 ቮልት 6.15 አምፔር ቢል ማባዛት ነው፣ 120 ዋት። የአንተ አይነት ላፕቶፕ ይዞት የሚመጣው ብዙ ጊዜ 230 ዋት አካባቢ ነው። ሻጩ «ይገባል፣ ይሰራል» ብሎ ሸጦልሃል፣ እውነቱን ነው ይገባል። መግባትና መመገብ ግን ለየቅል ናቸው።

እዚህ ጋ ትንሽ ታገሰኝ፣ ይሄን ነገር ሳላብራራ ማለፍ አልችልም። ካርዱ ሙሉ ጉልበቱን ሲጠቀም 115 ዋት ይበላል በል፣ ፕሮሰሰሩ 45፣ ስክሪኑ ፋኑ ራሙ ተደማምሮ ሌላ 30፣ ጠቅላላ 190። ከግድግዳው የሚመጣልህ 120 ብቻ ነው። የጎደለው 70 ዋት ከየት መጣ? ከባትሪው። በቀጭን ቧንቧ ውሃ የሚገባበት በርሜል አስብ፣ አንተ ደግሞ ከስር ወፍራሙን ቧንቧ ከፍተኸዋል፣ በርሜሉ ሙሉ እያለ ውሃው ይንዠቀዠቃል ማንም ችግር አለ አይልም። 60 ዋት አወር ባትሪ (60 ዋት ለአንድ ሰዓት የሚሰጥ ማለት ነው) በሰዓት 70 ሲወጣበት በግማሽ ሰዓት 35ቱ ሄደ፣ ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ከዚያ ላፕቶፑ ራሱ «ከዚህ በታች ባትሪውን አልነካም» ብሎ ካርዱንና ፕሮሰሰሩን ያንቃቸዋል፣ ያ ነው የአንተ 25 ፍሬም። ፔስቱ ምንም ያልለወጠው ለዚህ ነው፣ መጀመሪያውኑ ችግሩ እሱ አልነበረም። ባትሪውም ጌም በተከፈተ ቁጥር በዚያ ሙቀት ውስጥ እየተራገፈና እየተሞላ ሲከርም ቢያብጥ አይገርመኝም።

ማረጋገጫው ቀላል ነው፣ ግን ባትሪው አለማበጡን ካየህ በኋላ ብቻ! ኤችደብሊው ኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ከፍተህ ጌሙን አስጀምር፣ የባትሪውን ፐርሰንት፣ የካርዱን ዋት እና ሙቀቱን እያየህ ተጫወት። ቻርጀሩ ተሰክቶ ባትሪው እየወረደ ከሄደ፣ ሲንቀራፈፍ ደግሞ ሙቀቱ 70 ምናምን ላይ ሆኖ ዋቱ ብቻ ከተደረመሰ ቻርጀሩ ነው። ፕሮሰሰሩ 95 እና ከዚያ በላይ እየነካ ከሆነ ግን ግምቴ ተሳስቷል፣ ያኔ የተቀየረልህ ፔስት ነው የሚታየው። እሱንም አላምነውም። ስንቱን ከፍቼ አይቻለሁ፣ ፔስቱ እንደ ቅቤ ተለቅልቆ፣ ሜሞሪው ላይ የነበረችው ሙቀት አስተላላፊ ላስቲክ ተጥላ በቦታዋ ፔስት ተሞልቶ፣ ብሎኑ ሁለቱ ጠፍቶ፣ የተሰበረው ደግሞ በማስቲሽ ተለጥፎ። ራስህ ከከፈትከው ላፕቶፑን አጥፋ፣ ቻርጀሩን ንቀል፣ ከምንም በፊት የባትሪውን ሶኬት ከቦርዱ ላይ አላቅ፣ በብረት ነገር ሳይሆን በፕላስቲክ ወይ በጥፍር። አብጦ ካገኘኸው ወይ በደንብ ተጣብቆ እምቢ ካለህ አትታገለው፣ ለሚያውቅ ስጠው።

ቻርጀር ስትገዛ ቮልቱ ልክ አንድ አይነት ይሁን፣ አምፔሩ ከድሮው እኩል ወይ በላይ። አንዳንዱ ሶኬት መሃል ላይ ቀጭን ፒን አለው፣ ላፕቶፑ ቻርጀሩን የሚለየው በሷ ነው፣ ኮፒው እሷ ላይ ትክክል ካልሆነ ዋቱ ቢበቃም ላፕቶፑ አላውቅህም ብሎ ራሱን ያንቀራፍፋል። የርካሾቹን ቻርጀሮች ጽሑፍ ደግሞ አትመን። 230 ዋት ኦሪጅናል እጅህ ላይ ይከብዳል፣ እንደ ስልክ ቻርጀር ከቀለለህ የተጻፈበት ውሸት ነው።

መግዛቱ ካልቀረ ግን ከሁለቱ ወፍራሙን ባለ 4060 እመርጣለሁ፣ ምክንያቱ አሁንም ያው ዋት ነው። የላፕቶፕ 4060 ከ35 እስከ 115 ዋት ነው የሚሰራው፣ 4070ውም እንደዚያው ከ35 እስከ 115፣ ሜሞሪያቸው ሁለቱም 8 ጊጋ። አምራቹ ቀጭን ሳጥን ውስጥ 4070 ከቶ በትንሽ ዋት ካሰረው ሙሉ ዋቱን የሚያገኘው 4060 ሊበልጠው ይችላል፣ አንተ ግን ለስሙ ከፍለሃል። ስለዚህ ሻጩን ስንት ዋት ነው በለው። ካላወቀ ኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ሲስተም ኢንፎርሜሽን ክፈትና ማክሲመም ግራፊክስ ፓወር የሚለውን አንብብ፣ ቁጥሩ እዚያው አለ። ቀጭኑ ላይ ከ100 በላይ ካየህ ሐሳቤን እቀይራለሁ፣ ግን አይመስለኝም።

ራሙ 16 ጊጋ፣ አንድ ፍሬ ሳይሆን ሁለት ባለ 8 ይሁን፣ አንድ ብቻ ከሆነ ፍሬም ይበላብሃል። ቦርዱ ላይ የተበየደ ከሆነ ደግሞ በኋላ መጨመር የለም። ሌላው መብራት ምናምን ጌጥ ነው።

ዛሬ ግን ታችፓዱን እየው። አብጦ ከሆነ ላፕቶፑ ይጥፋ፣ ቻርጀሩ ይነቀል፣ አልጋና መጋረጃ አጠገብ አይደር፣ የወጣውንም ባትሪ ቆሻሻ ውስጥ እንዳትጥለው። ካላበጠ ደግሞ የቻርጀሩን ጽሑፍ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ የድሮው የተቃጠለው ካለህ የሱንም፣ ሁለቱን አስተያይቼ ልክ የሚሆንህን እነግርሃለሁ።