ቶን ስንት ነው? ጥያቄና መልስ

ጭነት ላይ ብዙ ዓመት ስለሠራሁ ስለ ቶን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የመጡትን ጥያቄዎች እነሆ።

ጥያቄ፦ ቶን 1,000 ኪሎ ነው፣ አለቀ! ምን ያከራክራል?

መልስ፦ የሜትሪኩ ከሆነ ልክ ነህ፤ 10 ኩንታል ማለት ነው። የአሜሪካው ቶን ግን 2,000 ፓውንድ ነው፤ 907 ኪሎ ገደማ። የድሮው የእንግሊዝ ደግሞ 2,240 ፓውንድ፣ ወደ 1,016 ኪሎ። ስለዚህ ውል ላይ «ቶን» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ የትኛው እንደሆነ ሳትጠይቅ እንዳትፈርም። 100 ቶን ስትጠብቅ በአሜሪካው ቶን ቢላክልህ ከ9 ቶን በላይ ይጎድልሃል።

ጥያቄ፦ ቃሉስ ከየት መጣ?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ በጣም ነው የምወደው። ከበርሜል ነው! ድሮ እንግሊዞች ወይን የሚጭኑበት «ተን» የሚባል ትልቅ የእንጨት በርሜል ነበር። 252 ጋሎን ይይዛል፤ ከ950 ሊትር በላይ። የመርከብ ትልቅነትም የሚነገረው ስንት በርሜል ይጭናል ተብሎ ነበር። ወይን የሞላው በርሜል ሲመዘን አሁን ቶን ከምንለው ብዙም አይርቅም። እንዲህ እንዲህ እያለ የበርሜሉ ስም የክብደት ስም ሆኖ ቀረ።

ጥያቄ፦ ታዲያ መርከብ 50,000 ቶን ነው ሲባል ክብደቱ ነው?

መልስ፦ ሁልጊዜ አይደለም። አንዳንዴ የሚጭነው ክብደት ነው፤ አንዳንዴ የውስጡ ስፋት። ሬጅስተር ቶን የሚባለው 100 ኪዩቢክ ጫማ ቦታ ነው እንጂ ሚዛን ላይ አይወጣም። በርሜሉ እዚህ ጋ አሁንም አለ ማለት ይቻላል።

ጥያቄ፦ አንድ ቶን ኤሲ ገዛሁ። ሁለት ሰው ብቻ ተሸክሞ አስገባው። ቶኑ የታለ?

መልስ፦ ቶኑ በረዶው ነው፣ እህቴ። የማቀዝቀዣ ማሽን ከመስፋፋቱ በፊት ቤትም ምግብም የሚቀዘቅዘው በበረዶ ነበር። ማሽኑ ሲመጣ ሰዎች በሚያውቁት ለኩት። አንድ የአሜሪካ ቶን በረዶ በ24 ሰዓት ውስጥ ቀልጦ ሲያልቅ ብዙ ሙቀት ይስባል። ያንኑ ያህል ሙቀት በ24 ሰዓት ከክፍል የሚያወጣ ኤሲ «አንድ ቶን» ተባለ። በዛሬ አነጋገር 3.5 ኪሎዋት ገደማ ነው። ኤሲሽ ሙሉ ቀን ሲሠራ ያን ሁሉ በረዶ እንዳቀለጥሽ ቁጠሪው።

ጥያቄ፦ የቦምብ ኪሎቶንስ?

መልስ፦ እሱ የፍንዳታ ጉልበት ነው። በ1945 ሂሮሺማ ላይ የተጣለው ቦምብ ራሱ ሲመዘን 4.4 ቶን ገደማ ነበር። ጉልበቱ ግን 15 ኪሎቶን አካባቢ ይባላል፤ ቲኤንቲ የሚባለው ፈንጂ 15,000 ቶን አንድ ላይ እንደፈነዳ ማለት ነው።